ከቢሮ ሲታይ ሙሉ ነው

ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ሲሰማ ይገርመው ይሆናል እንጂ፣ ቤቴን ያናጋው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ብጽፈው ቦታ ይተርፈዋል። ለብዙ ሰው ነግሬዋለሁ፤ የሰማው ሁሉ «አይ፣ ያጋጥማል» ይለኛል። ያጋጥማል! ይህቺን ቃል በሰማሁ ቁጥር ቆሽቴ ነው የሚያርረው።

ከወሎ ተመድቤ ቦንጋ የመጣሁ፣ መጥቼም እዚሁ የቀረሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ የመምህራን ዝውውር ከሚያልፍባቸው ቢሮዎች አንዱ ነው ብል ይበቃል። ኮምፒውተር ነክ የሆነ ነገር ሁሉ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ፕሪንተር ወረቀት ቢበላ እኔ፣ የአንዱ ስልክ ቢቆለፍ እኔ፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ ሰው የሚያፈጥጠው እኔ ላይ ነው።

ባለቤቴ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ወላጆቿ ያሉት ቦንጋ ነው፤ እሷ ግን የምታስተምረው ጌሻ ወረዳ፣ ደካ ነው። ስንጋባ «አንድ ዓመት ነው፣ ቢበዛ ሁለት» ተባብለን ነበር። አራት ሆነ። ቅዳሜ ሄጄ እሑድ እመለሳለሁ፤ ዝናብ መንገዱን ሲያበላሸው ደግሞ ወሩን ሙሉ በስልክ ነው የምንኖረው። ባለፈው ዓመት የዝውውር ፎርም ስትሞላ ቁርጡን ነገረችኝ።

«ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው» አለችኝ። «ልጅ ወልጄ እዚያ ለብቻዬ አላሳድግም። ዘንድሮ ከደረሰኝ እንወልዳለን። ካልደረሰኝ ግን ስለ ልጅ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ።»

እሷ አንዴ ካለች አለች ነው። እኔ ነኝ በየሰዓቱ የምጮኸውና በየሰዓቱ የምበርደው።

በዚያ ላይ ሐሜቱ ነበር። ፎርሟን ገና ሳታስገባ «እሷማ ምን ቸገራት፣ ባሏ ኮምፒውተሩ ላይ አይደል የተቀመጠው» መባል ተጀመረ። ዝርዝሩ የሚወጣው በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የሚያውቀው አመልካቹና ማኅደሩን የያዘው ክፍል ብቻ ነው። እሷ ታዲያ ምን አደረገች? ቁጥሯን ለእኔም ደበቀችኝ። «እንደማንኛውም መምህር በራሴ ስልክ ከፍቼ አያለሁ፤ ባሌ ነገረኝ፣ ባሌ አስገባኝ መባል አልፈልግም» አለች። ኮራሁባት፣ እውነቴን ነው። ሥራዋን አከበረች፣ የእኔንም አስከበረች ብዬ ቁጥሩን አልጠየቅኳትም።

ድረ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ውስብስብ ነገር አይደለም፤ እኛ ስታቲክ የምንለው ዓይነት ነው፤ ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት የተጻፈበትን ያሳያል እንጂ የሚያስበው የለም። ይህ ገጽ ሦስት ቤት አለው። መጀመሪያ ላፕቶፔ ላይ እሠራዋለሁ። ከዚያ ኮሚቴው አይቶ እንዲያጸድቀው ቢሯችን ውስጥ ባለው ሰርቨር ላይ አወጣዋለሁ። ሰርቨር ስል ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ከቢሮው ግቢ ውጪ ያለ ሰው አያገኘውም። በመጨረሻ ሁሉም ሰው ከያለበት ወደሚከፍተው፣ በኪራይ ወደያዝነው የውጪ ሰርቨር ይሄዳል። ቤት በቀየረ ቁጥር ታዲያ በሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር መቀየር አለበት። መስመሩ አድራሻ ነው፤ «ፋይሎችህን ከዚህ ቦታ አምጣ» የሚል። ይኼው ነው ጠቅላላ ጣጣው።

ዝርዝሩን ደግሞ ለሁለት ከፍዬዋለሁ። ለደግ ብዬ ነው። ራቅ ያለ ወረዳ ላይ ሆኖ በስልኩ የሚከፍት መምህር ገጹ እስኪሞላ ድረስ እንዳይጉላላ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ከገጹ ጋር ወዲያው ይታየዋል፤ ሁለተኛው ግማሽ እሱ ማንበብ ሲጀምር ከሥር ይመጣል። ሁለተኛው ግማሽ ሳይመጣ ከቀረ ቀይ የስህተት ጽሑፍ ወጥቶ ሰው እንዳይደነግጥ፣ ዝም በል ብዬ አዘዝኩት። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነው እኮ! ከዚያም አልፌ በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ለየወረዳው በወረቀት መላኩ ይቅር፣ ድረ ገጹ ይበቃል» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

በእኛ ቢሮ አንድ ልማድ አለ። ኮሚቴው ያጸደቀው ዝርዝር በየገጹ ማኅተም ያርፍበታል፤ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ነጥብ አይነካም። እኔ ሳልመጣ በፊት ከጸደቀ ዝርዝር ላይ ስም ተቀይሮ ተገኝቶ ብዙ ሰው ታምሶ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ የጸደቀ ነገር ማለት የተቀደሰ ነገር ማለት ነው። ኮሚቴው ድረ ገጹን ያየው በቢሮው ሰርቨር ላይ ነው። ግድግዳ ላይ አብርቼ አሳየኋቸው፣ ቁጥር በቁጥር አነበቡት፣ ቃለ ጉባኤው ላይ «ድረ ገጹ እንደታየው እንዲወጣ» ብለው ፈረሙ።

የሥራ ሂደቱ አስተባባሪ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሰው የሚያከብራቸው የቦንጋ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ፊርማው እንዳለቀ ጠጋ አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ወደ ውጪ ከማውጣቴ በፊት አንድ መስመር እቀይራለሁ።»

«ምን ዓይነት መስመር?»

«አድራሻ ነው። ዝርዝሩን አልነካም።»

«ኮሚቴው ያየው የትኛውን ነው?»

«ይሄን፣ እዚህ ያለውን።»

«እንግዲያው የሚወጣው ይሄ ነው» አሉኝ። «የጸደቀውን ነካክተህ ነገ ሰው ‹ሚስቱን ሊያስገባ ነው› ቢል እኔ ምን ብዬ ልመልስ? ለአንተም ብዬ ነው እኮ፣ ልጄ።»

ሚስቱን ሲሉ ደሜ ፈላ። ቁጥሯን እንኳ የማላውቅ ሰው! ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ፣ ወረቀት ላይ ሥዬ፣ «ጋሼ፣ ይሄ መስመር ካልተቀየረ እንዲህ ይሆናል» ብዬ ባስረዳቸው ኖሮ ይገባቸው ነበር። ሞኝ ሰው አይደሉም። ኮሚቴውን ለአምስት ደቂቃ መልሰው ቢሰበስቡት ያልቅ ነበር። እኔ ግን አኮረፍኩ። «እሺ! እንዳላችሁ!» ብዬ ፎልደሩን እንዳለ፣ የቢሮውን አድራሻ እንደያዘ ገልብጬ ወደ ውጪው ሰርቨር ወረወርኩት።

ለማረጋገጥ ከፈትኩት። በቢሮው ኮምፒውተር ከፈትኩት፣ ዝርዝሩ እስከ ታች ድረስ ሙሉ ነው። በስልኬ ከፈትኩት፣ ሙሉ ነው። ስልኬ የቢሮው ዋይፋይ ላይ መሆኑ በዓይኔ ፊት ነበር፣ ምልክቱ እኮ ከላይ ተቀምጧል። ዋይፋዩን ማጥፋት አንድ ጣት ማስነካት ነው። የተናደደ ሰው ግን ቶሎ መገላገል ነው የሚፈልገው። ‹አሃ፣ ለካ እኔ ነኝ ያካበድኩት› አልኩና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ሰኞ ነበር። በማግስቱ ባለቤቴ ደወለችልኝ። ሰኔ ነው፣ ፈተና እያረሙ ነው፤ ደካ ውስጥ ኔትወርክ የሚሻልባት አንዲት ዳገት አለች፣ እዚያ ወጥታ ነው የደወለችው። ነፋሱ ይሰማኛል።

«የለሁበትም» አለችኝ።

«በደንብ አይተሽ ነው?»

«ሦስቴ። እስከ መጨረሻው አየሁት።»

«እስቲ ቁጥርሽን ንገሪኝ፣ እኔም ልየው።»

«ተወው። አሁን ቁጥሩ ምን ያደርግልሃል? እኔ ዓይን የለኝም እንዴ?»

ተውኩት። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዝርዝሩ እዚያው ፊቴ ተከፍቶ ነበር። አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጌ ብጠይቃት፣ ተቆጥታም ቢሆን ትነግረኝ ነበር። እኔ ግን አንጀቴን በላችኝና ማባበል ያዝኩ፤ «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ዓመት» ምናምን የሚለውን ዝባዝንኬ ደረደርኩ። «እሺ» አለችና ዘጋችው።

የደረሰው ሰው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በአካል ቀርቦ ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ ካልቀረበ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ቦንጋና አካባቢው ያሉት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ማኅተም ያለበትን ወረቀት አንብበው እየተሯሯጡ መጡ። ከሩቅም የመጡ ነበሩ። ዓርብ ከሰዓት ያልመጡት ቁጥሮች ሲለዩ ግን ብዙ ሆኑብን። ለተጠባባቂዎቹ ደብዳቤ ተጻፈ። ፕሪንት ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ በየደብዳቤው ላይ የተተካውን ቁጥር እያየሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ዕድሉን ጥሎ ቀረ? ጥጋብ እኮ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናል» አሉ እሳቸው፣ እየፈረሙ።

ቅዳሜ ደካ ሄድኩ። ባለቤቴ አልጋው ላይ የፈተና ወረቀት በትናበት ታርማለች። ፊቷ ደህና ነበር። እኔን ለማጽናናት መሰለኝ፣ መቀለድ አማራት።

«አንተ ኢንጂነር፣ መቼም ባይደርሰኝም ገጽህ ያምራል» አለችኝ። «እዚህ እንኳ ቶሎ ነው የሚከፈተው። እይ!»

ስልኳን ሰጠችኝ። በእውነትም ቶሎ ይከፈታል። ጣቴን ሰድጄ ወደ ታች ወረድኩ። ዝርዝሩ መሀል ላይ አለቀ። መልሼ ከፈትኩት፣ እዚያው ላይ አለቀ። ከሥሩ እኔው ራሴ የጻፍኩት ማሳሰቢያ አለ፤ ቁጥራቸው ከላይ ያልተዘረዘረ አመልካቾች ዝውውር አላገኙም የሚል።

ያኔ ነው የገባኝ። ሁለተኛው ግማሽ የሚመጣው ከቢሯችን ጠረጴዛ ሥር ካለው ኮምፒውተር ነው። ደካ ሆኖ ማን ያገኘዋል? ሳያገኘው ሲቀር ደግሞ ዝም ይላል፤ ዝም በል ብዬው የለ! ቢሮ ያለነው ሙሉውን ስናይ የከረምነው ኮምፒውተሩ ከጎናችን ስላለ ነው። እንግዲህ ያ ጥጋበኛ ያልኩት ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ እስከ ‹መጨረሻው› ድረስ አንብቦ፣ አዝኖ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ነው።

«ቁጥርሽ ስንት ነው?» አልኳት።

ፊቴን አየችና ነገረችኝ። የጸደቀውን ዝርዝር በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር። ማኅተም ካለባቸው ገጾች መጨረሻው ላይ፣ ከታች ከፍ ብሎ አገኘሁት።

«ደርሶኝ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ቦንጋ?»

«ቦንጋ።»

«እስከ መቼ ነበር ሪፖርቱ?»

«እስከ ትናንት።»

ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አንስታ እርማቷን ቀጠለች። የአንዱን ተማሪ ትክክለኛ መልስ ኤክስ አደረገችበትና እንደገና ሰርዛ ራይት አደረገችለት። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ‹ስደቢኝ እንጂ፣ ምነው ዝም አልሽ› ማለት አማረኝ።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ ገባሁባቸው። ነገርኳቸው። ኮምፒውተራቸውን ከፈቱና ወደ ታች ወረዱ።

«ይኸው ሙሉ ነው» አሉኝ።

«ከቢሮ ሲታይ ነዋ!»

ስልኬን አውጥቼ ዋይፋዩን ዓይናቸው እያየ አጠፋሁ፣ ገጹን ከፈትኩ። ዝርዝሩ መሀል ላይ አለቀ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። «ባለቤትህ ከታችኛው ግማሽ ናት?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። ያዘኑ ሰው ናቸው፣ አልዋሽባቸውም። ግን ምን አሉኝ መሰላችሁ?

«እንዲያው ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ያመጣው!»

ልክ ናቸው እኮ! ድረ ገጹን የሠራው የሷ ባል፣ ያበላሸው የሷ ባል፣ ተበላሽቷል ብሎ የሚመሰክረውም የሷ ባል። ኮሚቴው በሦስተኛው ቀን ተሰብስቦ ወሰነ። ዝርዝሩ በማኅተም ተረጋግጦ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአግባቡ ተለጥፏል፤ ድረ ገጹ ለተጨማሪ መረጃ ያህል ነው፤ ለተጠባባቂዎች የወጣ ደብዳቤ አይሻርም፤ ያመለጣቸው መምህራን በሚቀጥለው ዓመት እንደማንኛውም አመልካች ይወዳደሩ። ድረ ገጹን በተመለከተ ደግሞ አጣሪ እስኪያየው ድረስ ማንም እንዳይነካው። ማንም ማለት እኔ ነኝ። እንደተቆረጠ ተቀመጠ፤ ላስተካክለው የምችለው ሰውዬ በየቀኑ ከፍቼ አየዋለሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ መምህር የማር ዕቃ ይዞ ቢሮዬ መጣ። ሺሺንዳ ያስተምር የነበረ ነው፤ በተጠባባቂነት ቦንጋ የገባው እሱ ነው፣ በባለቤቴ ቦታ። እሱ ይሄን አያውቅም። ወላጆቹ የሚኖሩት ማንኪራ ነው፤ ንብ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ማሩን ከጫካ ያመጡት እነሱ ናቸው። «ስለ ድካምህ ነው፤ ደብዳቤውን ያዘጋጀኸው አንተ ነህ አሉኝ» ብሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። አልቀበልም ስለው ደስታው እንዳለ ፊቱ ላይ ሊሞት ሆነ። ተቀበልኩት። ይዤው ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ ራሴን ስሳደብ ነበር።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባለቤቴ መጣች። ክረምቱን አብረን ከረምን፤ አራት ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ነገር ነው፣ ጠዋት ተነስቶ እሷን ማየት። ማሩን ከየት አመጣኸው ስትለኝ መዋሸት አቃተኝና ነገርኳት። በጣቷ ቀመሰችው። «ጥሩ ማር ነው። ደስ ይበለው፣ እሱ ምን አጠፋ?» አለች። እኔ ያጠፋሁትን ግን አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት የለመድኩት ነገር ነው፣ እኔው ነኝ የምጮኸው። እናቷ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ «ልጆቼ፣ ምነው ቤቱ ዝም አለ?» ይላሉ፤ ምን ለማለት እንደሆነ ሁለታችንም ይገባናል። እሷ ትነሳና ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም ስለ ልጅ አላነሳሁባትም። ቃሏን አስታውሳለሁ።

መስከረም ሲጠባ ወደ ደካ ተመለሰች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፣ ሻንጣዋን መኪናው ላይ ጫንኩላት። በመስኮቱ እጇን አወጣችልኝ፣ ያዝኩት፤ መኪናው ተነሳ።

እሷ በሄደች በሁለተኛው ሳምንት ኮሚቴው ተሰበሰበ። አጣሪው ስህተቱን አይቶ ኖሮ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ «የአድራሻው መስመር እንዲስተካከል» ተብሎ ሰባት ሰው ፈረመ። ሰባቱም ዙሪያዬን ቆመው እያዩኝ መስመሩን ቀየርኩ። ደቂቃም አልፈጀ። ዋይፋዩን አጥፍቼ ከፈትኩት፤ ዝርዝሩ እስከ ታች ሙሉ ሆኖ መጣ። «በርታ» አሉኝ ጋሼ፣ ትከሻዬን መታ አድርገው። ውጪ ወጥቼ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ምን ይሉታል ይሄን?

አዲሱ የዝውውር ፎርም የወጣው ጥቅምት ላይ ነው። ደወልኩላት። ዳገቷ ላይ ነበረች።

«ፎርም ወጥቷል» አልኳት። «ትሞያለሽ አይደል?»

«አልሞላም።»

«ለምን? ድረ ገጹ እኮ ተስተካክሏል።»

«አውቃለሁ። ትናንት ከፍቼ አየሁት» አለችኝ። «ቁጥሬ አለ። ከጎኑ ቦንጋ ይላል። አሁን ከዚህም በደንብ ይታያል።»

የድሮው ዝርዝር እዚያው እንዳለ ነው፤ ለማንም አይጠቅምም፣ ጊዜው አልፎበታል። ማን ይፈቅድልኛል ሳልል ቶሎ ብዬ «ላጥፋው? አሁኑኑ ላጥፋው?» አልኳት።

«ተወው፣ ይኑር» አለችኝ። «ደርሶኝ እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ምን አለኝ?»

አላጠፋሁትም።